ጮማ የተበላ ዕለት ስኳር የሚወጣው ስንት ሰዓት ላይ ነው?

ከቃሊቲ መናኸሪያ ተነስቶ የአቃቂን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቢሾፍቱ ለሚወርድ ሰው ሥጋ ቤት ብርቅ አይደለም። በመንገዱ ዳር ሻኛውና ጎድኑ ተሰቅሎ ይታያል። ከአቃቂ አለፍ ብላ የምትገኘው ዱከም ደግሞ የመሀል ከተማ ሰው ለቁርጥ ብቻ ብሎ መኪና አስነስቶ የሚሄድባት ከተማ ናት። የአካባቢው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ የጉምሩክ አስተላላፊ ደመወዝ ወይም ሒሳብ የተቀበለ ዕለት ከባልደረቦቹ ጋር ትሪ ይከባል። ከመካከላቸው ስኳር ኖሮበት ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው አይጠፋም። እሱም ሥጋ ቤት ሲገባ ብዙ ጊዜ ልቡ ያርፋል። እንጀራውን ቀነስ፣ ለስላሳውን በውኃ ለወጥ ካደረገ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ሥጋ ስኳር የለውማ!

ሥጋ ውስጥ ስኳር የለም፣ ልክ ነው። ንጥር ቅቤ ውስጥም የለም። ይህ ሰው ማታ በልቶ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢለካ፣ ማሽኑ 140 አካባቢ ሊያሳየው ይችላል። ደስ ብሎት ይተኛል። ጠዋት ሲነሳ ግን 280 ይጠብቀዋል። ሌሊቱን አልበላም፣ ጣፋጭ አልቀመሰም። እናም ኢንሱሊኑ ተበላሽቶ ይሆን ብሎ ይጠረጥራል፣ የመለኪያው ስትሪፕ ጊዜው አልፎ ይሆን ብሎ ቀኑን ያገላብጣል፣ ከሚስቱ ጋር ስለተከራከረው ነገር ሳይቀር ያስባል። ክትፎውን የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነው፤ ከተበላ አሥር ሰዓት ያለፈውን ምግብ ማን ይከሳል?

ስብ በሰውነት ውስጥ የሚያደርገው ነገር ለኢንሱሊን ተጠቃሚ አሳሳች የሚሆነው ሁለት ተቃራኒ ገጽታ ስላለው ነው። መጀመሪያ ጨጓራን ያዘገያል። ቅባት ትንሹ አንጀት ሲደርስ አንጀት ሆርሞኖችን ይለቃል፤ እነሱም ጨጓራ የያዘውን ቀስ እያለ እንዲለቅ ያደርጉታል። ስለዚህ አብሮ የተበላው እንጀራ፣ ቆጮ ወይም ዳቦ ወደ ደም የሚገባው ዘግይቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ስኳሩ ቅባት ከሌለው ምግብ ይልቅ ዝቅ ብሎ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥሎ ስቡ ራሱ ተፈጭቶ ደም ውስጥ ሲገባ ጡንቻና ጉበት ለኢንሱሊን ያላቸው ምላሽ ይደክማል። ጉበት ማቆም የነበረበትን ስኳር መልቀቅ ይቀጥላል፣ ጡንቻም ስኳሩን እንደወትሮው አይቀበልም። ይህ የሚሆነው ከምግብ በኋላ ከሦስተኛው ሰዓት ገደማ ጀምሮ ሲሆን እስከ ስድስተኛው ሰዓትና ከዚያም በላይ ይዘልቃል። ጤነኛ ቆሽት ይህን ሁሉ ሰውየው ሳያውቀው ይከታተለዋል፤ ትንሽ ትንሽ ኢንሱሊን እየጨመረ ያስተካክላል። በመርፌ የገባ ኢንሱሊን ግን የሚሠራው በራሱ ሰዓት እንጂ በምግቡ ሰዓት አይደለም።

ፕሮቲንም የራሱ ድርሻ አለው። መቶ ግራም ጥሬ ቀይ ሥጋ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ይዟል። ግማሽ ኪሎ ቁርጥ ብቻውን የበላ ሰው ስለዚህ ወደ 100 ግራም ፕሮቲን ወስዷል ማለት ነው። ዓይነት 1 ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች 75 ግራምና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ያለ ምንም እንጀራና ዳቦ ቢበላም ከሰዓታት በኋላ ስኳርን ከፍ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ስብና ፕሮቲን አንድ ላይ ሲሆኑ የአንዱ ጫና በሌላው ላይ እንደሚደመር አረጋግጧል። ክትፎ፣ ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ፣ ዱለት፣ ጮማ ጥብስ ሁሉም ሁለቱን አጣምረው የያዙ ናቸው።

ሐኪሞች ስለዚህ ጉዳይ የተነጋገሩት በፒዛ ምሳሌ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ስኳራቸውን በደንብ የተቆጣጠሩ ሰዎች ፒዛ ሲበሉ ከሌላ ምግብ በተለየ ለረጅም ሰዓት ስኳራቸው ከፍ ብሎ እንደሚቆይ አሳየ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2013 እ.ኤ.አ.፣ በቦስተን የጆስሊን የስኳር ሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች ዓይነት 1 ስኳር ላለባቸው 7 ሰዎች ሁለት ዓይነት እራት አበሉ። የእህልና የፕሮቲን መጠኑ እኩል ነበር፤ አንደኛው እራት 10 ግራም ስብ ሲኖረው ሌላው 60 ግራም ነበረው። ስብ የበዛበት እራት በአማካይ 42 በመቶ ተጨማሪ ኢንሱሊን ጠየቀ፤ ያም ሆኖ ስኳራቸው ከሌላው ዕለት ይልቅ ከፍ ብሎ ነው የታየው። በሰዎቹ መካከል የነበረው ልዩነት ግን ሰፊ ነበር፤ አንዱ ተሳታፊ ከእጥፍ በላይ ኢንሱሊን ፈለገ። 42 በመቶውን ለራሱ ሊገለብጥ ያሰበ አንባቢ ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ቢያነባት ጥሩ ነው።

ስልሳ ግራም ስብ የቦስተን ነገር ይምሰል እንጂ በእኛም ማዕድ ሩቅ አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 13 ግራም ያህል ስብ ነው። አራት ተኩል ማንኪያ ሲሆን ስልሳው ሞላ። ልዩ ክትፎ ያዘዘ ሰው ሳህኑ ዳር የተጠራቀመውን ቢጫ ቅቤ አይቶ ራሱ ይፍረድ። ለስላሳ ስብ ይሻላል ብሎ በዘይት የተካም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሥራ እንዳሳየው ለዚህ ዘግይቶ ለሚመጣ ስኳር ወሳኙ የስቡ መጠን እንጂ ዓይነቱ አይደለም። የልብ ጤና ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ላይ ዓይነቱም ይቆጠራል።

በሀብታም አገሮች ለዚህ መላ የተገኘው በማሽን ነው። የኢንሱሊን ፓምፕ የታሰረለት ሰው መጠኑን ከፍሎ ጥቂቱን አሁን፣ ቀሪውን በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ እንዲገባ ያዘዋል። ክንድ ላይ የሚለጠፈው መለኪያ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ስኳሩን እየተከታተለ ስልኩ ላይ ያሳየዋል። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ በጤና ጣቢያ ወይም በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ክትትል ያለው አብዛኛው ሰው በእጁ ያለው ግን ሌላ ነው፦ ሁለት ብልቃጥ፣ መርፌ፣ አንድ መለኪያ ማሽንና ሁልጊዜ የማይበቃ ስትሪፕ። ስለዚህ መላው ከእነዚህ ውስጥ መገኘት አለበት።

ሁለቱን ብልቃጦች እንመልከት። ደፍረስ ብሎ ወተት የሚመስለው ኤንፒኤች ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ የተሠራ አንጋፋ መድኃኒት ሲሆን ዛሬም የአገራችን የኢንሱሊን ሕክምና ዋና ምሰሶ ነው። ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጉልበቱ ጫፍ ይደርሳል። ጥርት ያለው ደግሞ ሬጉላር ይባላል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ መሥራት ይጀምራል፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፣ እስከ 6 ወይም 8 ሰዓት ይቆያል። ሁለቱ ተቀላቅለው በአንድ ብልቃጥ የሚመጡበትም አለ፤ 70/30 የሚባለው ነው። በግል ፋርማሲ በውድ ዋጋ የሚገኙት አዲሶቹ ፈጣን ኢንሱሊኖች በአንጻሩ በ15 ደቂቃ ውስጥ ጀምረው፣ በአንድና በሁለት ሰዓት ጫፍ ደርሰው፣ በ3 ወይም በ5 ሰዓት ያልቃሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። ውዱ ፈጣን ኢንሱሊን ለፓስታና ለዳቦ ጎበዝ ቢሆንም፣ ጮማ በበዛበት ማዕድ ፊት ግን ቶሎ ጀምሮ ቶሎ የሚደክም ነው። ስኳሩ ከፍ ማለት ሲጀምር እሱ ሥራውን ወደ መጨረሱ ነው። ርካሹና አሮጌው ሬጉላር ግን የሚበረታበትና የሚቆይበት ሰዓት ለቅባት ምግብ የቀረበ ነው። በሀብታም አገርም ሳይቀር አንዳንድ ሐኪሞች ለእንዲህ ያለ ምግብ ወደ ሬጉላር የሚመለሱት ለዚህ ነው። «ዘመናዊውን መግዛት ስላልቻልኩ ነው ስኳሬ የማይስተካከለው» ብሎ የሚቆጭ ሰው ይህን ማወቁ ትንሽ ሳያጽናናው አይቀርም።

የሬጉላር ችግር ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መወጋት መፈለጉ ነው። ቤት ውስጥ ሲሆን ይህ ቀላል ነው። ሥጋ ቤት ሲሆን ግን «አሁን ይደርሳል» በሚለው ቃል ላይ መመሥረት ይሆናል። ጥብሱ አንድ ሰዓት ዘገየ እንበል፤ መጥቶም የመጀመሪያው ጉርሻ በቅቤ የራሰ ስለሆነ እህሉ ወደ ደም ለመድረስ ሌላ ጊዜ ይፈልጋል። ኢንሱሊኑ ግን እየሠራ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ዓይን ብዥ ማለት የሚመጣው ያኔ ነው፤ አንዳንዴም ከበሉ በኋላ፣ ሆድ ጢም ብሎ ሳለ። ስለዚህ ውጭ የሚበላ ሰው ምግቡ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ካየ በኋላ ቢወጋ ይሻለዋል የሚሉ የክትትል ባለሙያዎች አሉ፤ ከበዛ ቅባት ጋር ሲሆን ምክራቸው የበለጠ ያስኬዳል።

ሌላው ወጥመድ «በሞቴ» ነው። ኢንሱሊኑ የተለካው ሰውየው እበላለሁ ብሎ ባሰበው ልክ ነው። ማዕዱ ላይ ግን አክስት ታጎርሳለች፣ አጎት ያጎርሳል፣ እምቢ ቢል ይቀየሙታል። የተወጋው 10 ዩኒት ስለ እነዚያ ጉርሻዎች ምንም አያውቅም።

ይሁን እንጂ ትልቁ ስህተት የሚሠራው ከምግብ በኋላ ነው፤ እሱም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በሁለተኛው ሰዓት ለክቶ «ጥሩ ነው» ብሎ መተው ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሦስተኛው ሰዓት ለክቶ፣ ከፍ ማለቱን አይቶ፣ ደንግጦ ሌላ ሬጉላር መውጋት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አሁንም ካልወረደ መድገም ነው። የመጀመሪያው መርፌ ገና አላለቀም፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይደራረቡበታል። ስቡ ሲያልቅ ሁሉም አንድ ላይ ይሠራሉ፤ ሰዓቱም ሌሊት 9 ወይም 10 ሊሆን ይችላል፣ ቤተሰቡ በሙሉ በተኛበት። በተለይ ከሥጋው ጋር ቢራ ወይም ጠጅ ከነበረ አደጋው ይከብዳል፤ ጉበት አልኮሉን በማስወገድ ሲጠመድ አዲስ ስኳር መሥራቱን ይቀንሳልና፣ ይህም እስከ ማግሥቱ ጠዋት ሊዘልቅ ይችላል።

ስትሪፕ ውድ ነው። ከከነማ ወይም ከቀይ መስቀል ፋርማሲ በተሻለ ዋጋ ቢገኝ እንኳ በየሰዓቱ ጣት መውጋት የማይታሰብ ነው። አምስት ስትሪፕ ብቻ ያለው ሰው ግን ከአምስቱ ሁለቱን እንዲህ ቢያውል ብዙ ይማርባቸዋል፦ አንዱን ጮማው ከመበላቱ በፊት፣ ሌላውን ከተበላ ከአምስት ሰዓት በኋላ። ምሳ በ7 ሰዓት ከተበላ ሁለተኛው ልኬት 12 ሰዓት ላይ፣ ከእራት በፊት ይውላል ማለት ነው። ይህ ልኬት በጠዋቱ የተለመደ ልኬት የማይታየውን ያሳያል። በሌላ ቀን ደግሞ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው የኢንሱሊን መጠን፣ ምስር ወይም ሽሮ በልቶ ሁለቱን ልኬት ይድገም። የሁለቱ ቀን ልዩነት የዚያ ሰው ራሱ የስብ ሒሳብ ነው፤ ቦስተን ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።

ምሳን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ኤንፒኤች የሚወጋ ሰው፣ መድኃኒቱ የሚበረታው ከረፋዱ 5 እስከ አመሻሹ 11 ሰዓት ገደማ ነው። በምሳ ሰዓት የተበላ ቅባት ይህን ጉልበት ያገኛል። ሰውየው ነቅቶ ስለሆነም ወረደ ከፍ አለ ማወቅ ይችላል፤ ከምሳ በኋላ በእግሩ ወደ ሥራው ቢመለስ ደግሞ ጡንቻው ራሱ ስኳር ይጠጣለታል። ማታ 3 ሰዓት ላይ የተበላ ጮማ ግን ስኳሩን የሚያወጣው ሰው ሁሉ በተኛበት ነው። ክትፎ ካማረው ሰው ክትፎውን መንጠቅ ሳይሆን ወደ ቀን ማዛወር ብዙ ጊዜ የተሻለ ድርድር ነው።

ማስታወሻው ወደ ክትትል ክፍል ይግባ። «ማክሰኞ ምሳ ክትፎ፣ በፊት 130፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ 260፤ ሐሙስ ምሳ ሽሮ፣ በፊት 125፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ 150» የሚል ሁለት መስመር ለሐኪም ወይም ለነርስ ብዙ ይናገራል። ባለሙያው ጥቂት ዩኒት ሊጨምር፣ ሬጉላሩን ለሁለት ሊከፍለው፣ ወይም የማታውን ኤንፒኤች ከእራት ሰዓት ወደ መኝታ ሰዓት ሊያሻግረው ይችላል፤ ይህ የመጨረሻው የእኩለ ሌሊቱን መውረድ እየቀነሰ የንጋቱን ከፍታ የሚይዝ የታወቀ ዘዴ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የግድ ስፔሻሊስት አይጠይቅም። በጎንደር ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው፣ በጅማም እንዲሁ፣ በገጠር ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ነርሶች የኢንሱሊን ታካሚዎችን እንዲከታተሉ አሠልጥነው ታካሚው ከተማ ድረስ ከመመላለስ እንዲድን አድርገዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን በ2021 እ.ኤ.አ. ስኳር ያለባቸውን አዋቂ ኢትዮጵያውያን 1.9 ሚሊዮን ገደማ ብሎ በገመተበት አገር ሌላ መንገድም ያለ አይመስልም። ባለሙያው ሆድ ወይም ጭን ላይ መርፌ የሚወጋበትን ቦታ በእጁ ቢዳስስም መልካም ነው፤ አንድ ቦታ እየተደጋገመ ተወግቶ ያበጠ ቆዳ ኢንሱሊኑን በዘፈቀደ ስለሚለቀው ጥፋቱ ያለ ኃጢአቱ በቅቤው ላይ ሊላከክ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚፈተነው በፋሲካ ሌሊት ነው። ለ55 ቀን ከሥጋ፣ ከቅቤና ከእንቁላል የራቀ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ዶሮ ወጥ ይመለሳል፤ ያውም ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ፣ ከቅዳሴ መልስ። ማታ 1 ሰዓት ላይ እንደወትሮው ኤንፒኤች ወግቶ እራት ሳይበላ ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሰውን እናስብ። መድኃኒቱ ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምሮ እየበረታ ይሄዳል፣ ጨጓራው ግን ባዶ ነው፤ አክፍሎት የያዘ ከሆነ ደግሞ ከቀናት በፊት ጀምሮ ባዶ ነው፣ የዓርብ ስግደትም አለበት። አደጋው በመጀመሪያ መውረድ ነው። ከዚያ ዶሮው ይበላል፣ ሰውየው ይተኛል፣ ስቡ ደግሞ ጠዋት 2 እና 3 ሰዓት ላይ ስኳሩን ያወጣዋል፤ ልክ ለእንኳን አደረሳችሁ ቁርስ በሚቀርብበት ሰዓት። በረመዳን ቀኑን ጾሞ በመግሪብ ሳንቡሳና ሥጋ የበዛበት ሾርባ የሚያፈጥር ሰውም ከዚህ የተለየ ችግር የለበትም፤ ሰዓቱ ብቻ ይቀየራል።

ኢንሱሊን የሚወጋ ምዕመን ከንስሐ አባቱ ጋር ስለ ጾሙ፣ ከሐኪሙ ጋር ስለ ሰዓቱ መነጋገር ያለበት ከሰሙነ ሕማማት በፊት ነው፤ በበዓል ዋዜማ የክትትል ክፍል ተዘግቶ ድንገተኛ ክፍል ብቻ ነው የሚያገኘው። መጠኑን ለዚያ ሌሊት የሚቀንስለትም፣ መርፌውን ወደ 9 ሰዓት የሚያዛውርለትም ሐኪሙ ነው። መርፌውን ጨርሶ መተው ግን አይቻልም፣ በተለይ ዓይነት 1 ላለበት። ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት በሰዓታት ውስጥ ደሙን አሲድ ወደሚያደርግ ሁኔታ ሊገባ ይችላል። ከበዓል በኋላ ስኳሩ ከፍ ብሎ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመምና ፈጣን ከባድ ትንፋሽ የተከተለው ሰው ዶሮው ከበደኝ ብሎ ሳይተኛ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።

መውረድ ከመጣም የሚረዳው ነገር ከስብ የነጻ መሆን ይኖርበታል። ወተት፣ ቸኮሌት ወይም ክሬም ያለው ኬክ በውስጣቸው ያለው ስብ ራሱ ስኳሩን ያዘገየዋል፤ ቅባት የሞላበት ሆድ ላይ ሲጨመር ደግሞ የባሰ ነው። በብርጭቆ ውኃ የተበጠበጠ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ወይም ከግማሽ ብርጭቆ የሚበልጥ ለስላሳ ይጠጣል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካል፤ ከ70 በታች ከሆነ ይደገማል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ተሽከርካሪ ተጠርቶ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።